የምቶንጄኒ መጤ ዛፎች

ንዳያ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1999

ለወንድሜ ልጅ ለምዚዋንዲሌ፣

ምቦቶ፣ በጎሳ ስምህ ልጥራህና፣ እንዴት ከርመሃል? የዚያ አገር ብርድስ እንዴት አደረገህ? አባቶቻችን በሄድክበት ሁሉ አይለዩህ፤ ከክፉ ዓይንም ይሰውሩህ። እኛ ጉልበቴን ከማመሙና ዝንጀሮ በቆሎውን ከመፍጀቱ በቀር ደህና ነን። አባባ ሲጊዲ፣ «የአያቱ ወንድም ገና አልሞተም በይው» ብሎሃል። ሰማንያ አንድ ዓመት ሆኖታል። አሁንም በፓርኩ አጥር ሥር እየሾለከ ከባሕሩ ድንጋይ ላይ ዛጎል ፈልፍሎ ይበላል። ዘበኞቹ ሲይዙት፣ «እኔን ነው ወይስ ዛጎሉን የምታስሩት?» ይላቸዋል።

ከጃንዋሪ ጀምሮ እኔም ፓርኩ ውስጥ ሥራ ይዣለሁ። በአጥሩ ሥር ሾልኬ አይደለም፣ በበሩ ነው የምገባው! ሥራው የዕፅዋት ቆጠራ ነው። ስድስት ሴቶች ነን። አሥር ሜትር በአሥር ሜትር ገመድ እንዘረጋለን፤ በገመዱ ውስጥ የበቀለውን ሁሉ ከሣሩ እስከ ዛፉ በስሙ እንመዘግባለን። አገር በቀል ከሆነ ነጭ ቀለም፣ መጤ ከሆነ ቀይ እንቀባለን። ቀይ የተቀባው ኦገስት ላይ ይቆረጥና ጉቶው ላይ መርዝ ይፈስበታል። ሥራውን ወድጄው ነበር። ያቺ መጤ ቁጥቋጦ፣ የወፍ ቆሎ፣ ግጦሹን ሁሉ እንዴት እንደበላችው አንተም ታውቃለህ፤ እሷንስ ቀለም ሳልጨርስባት በእጄ ነው የምነቅላት።

የምንመራው አንተ ስለ ፓርኩ ዕፅዋት በጻፍከው መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ ላይ ስምህን ሳይ፣ «ይሄ የኛ ልጅ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሴቶቹ አላመኑኝም።

ባለፈው ማክሰኞ ምንጩ ጋ ደረስን። ምቶንጄኒ። ገመዱን ልዘረጋ ጎንበስ ስል ሎሚው አለ። ሦስቱ ኮኮች በአንድ መስመር ቆመዋል። በረታችን የነበረበትን ቦታ የቃጫው አጥር አራት ማዕዘኑን ሳይስት ከቦታል። ከላይ ደግሞ አባቴና አባባ ሲጊዲ በ1941 የተከሏቸው ሁለቱ ባሕር ዛፎች ናቸው። ዋንዲ፣ ቤታችን ነው! በ1968 ለፓርኩ ብለው በጭነት መኪና ሲያወጡን ቤቶቹን አቃጠሉ፤ ዛፎቹን ግን ማንም አልነካቸውም። ያኔ ስምንት ዓመትህ ነበር። ድመትህን እንዳትጭን ከልክለውህ እስከ ንዳያ ድረስ ያለቀስከውን እኔ አልረሳሁም።

የፓርኩ ኃላፊ ሚስተር ስቴገማን መጣና፣ «ለምን ቆማችሁ?» አለ።

«ይሄ የኛ ግቢ ነው» አልኩት።

«ኖምቴቶ፣ ሎሚ መጀመሪያ ከየት መጣ?»

«እኔ ምን አውቄ! ከገበያ ነዋ።»

«ከእስያ ነው። ኮክም ከእስያ፤ ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ። መጤ ናቸው። ቀይ ቀቢ።»

ቀባሁ። አንድም ሳላስቀር ቀባሁ።

መሬታችን ይመለስልን ብለን ማመልከቻ ማስገባታችንን ሰምተሃል። ማመልከቻውን የሚመረምረው ኮሚሽን ቦታውን ሊያይ ሴፕቴምበር ላይ ይመጣል። ዛፎቹ ኦገስት ላይ ከተቆረጡ ሰዎቹ መጥተው ምን ያያሉ? ወረቀት የለን፣ ፎቶግራፍ የለን። እዚያ መኖራችንን የሚያሳይ የቀረን ነገር እነሱ ናቸው።

የምጠይቅህ አንድ ገጽ ብቻ ነው። እነዚህ ዛፎች በሰው እጅ የተተከሉ ናቸው፣ ዕድሜያቸውም ይህን ያህል ነው ብለህ ፈርመህ ላክልን። አንተ ከጻፍከው ስቴገማን የሚመልሰው አይኖረውም።

አክስትህ ኖምቴቶ

❖

ኤድንብራ፣ ማርች 29 ቀን 1999

ለተከበሩ አክስቴ ለኖምቴቶ፣

ከባሕር ማዶ የላክሁት ሰላምታ እርስዎንና ቤቱን በሙሉ በጤና ያግኛችሁ። ጉልበትዎን ፈጣሪ ይማርልዎ። እኔ ከሥራ ብዛት በቀር ደህና ነኝ። እዚህ የምሠራበት የደረቁ ዕፅዋት ክምችት ክፍል በዚህ ዓመት የመላውን የደቡብ አፍሪካ ስብስብ ኃላፊነት ሰጥቶኛል።

ቆጠራው ውስጥ መግባትዎ በጣም አስደስቶኛል። እርስዎ የሚያውቁትን ያህል የዕፅዋት ስም የሚያውቅ ሰው እዚህም ብዙ የለም። ሆኖም አንድ ነገር ባስረዳዎ ደስ ይለኛል። አገር በቀልና መጤ የሚለው አከፋፈል ስለ ዕፅዋት ብቻ የተነገረ ነው። ሰውን አይመለከትም። ባሕር ዛፍ የምንጩን ውኃ ይመጥጣል፤ የቃጫ አጥር ሌላ ነገር አያበቅልም። እንዲህ ያሉት በጊዜ ካልተወገዱ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የኛ ዕፅዋት ይጠፋሉ። ይህን ያለ ቅሬታ ቢቀበሉት እወዳለሁ።

የመሬቱ ጉዳይ በሕግ የተያዘ ስለሆነ፣ እንደ ተመራማሪ እጄን ማስገባት ተገቢ አይመስለኝም። ከሚስተር ስቴገማን ጋርም ባይጋጩ መልካም ነው፤ ሥራውን እንዳያጡ እሰጋለሁ።

ለክረምቱ የሚሆን የሱፍ ሻርፕ ልኬያለሁ። ለአያቴ ለሲጊዲ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪዎ ምዚዋንዲሌ

❖

ንዳያ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1999

ለዶክተር ምዚዋንዲሌ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ሻርፑ ደርሷል። እኔ ሻርፕ አልጠየቅሁህም።

ባለፈው ቅዳሜ የሆነውን ስማ። ስቴገማን ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ጠራ። ያመለከትነው አሥራ አንዱ ቤተሰቦች በሙሉ ነበርን። የአንተን መጽሐፍ ከፍ አድርጎ አሳየንና ገጽ 41ን አነበበልን። «በምንጩ አካባቢ የሚታዩት ጥቂት የፍራፍሬ ዛፎች፣ አልፎ አልፎ የሚያርፉ ዓሣ አጥማጆች ከጣሏቸው ፍሬዎች የበቀሉ ናቸው። በአካባቢው ቋሚ የሰው ሰፈራ ምልክት አይታይም።» እንዲህ ይላል።

አባባ ሲጊዲ በምርኩዙ ተነሣ። «ዓሣ አጥማጅ በረት ይሠራል እንዴ? ዓሣዋን ሊያልባት ነው?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የስቴገማን አስተርጓሚ ራሱ ሳቀ።

ስቴገማን ግን አልሳቀም። መጽሐፉን ገልብጦ ስምህን አሳየው። «ሽማግሌ፣ ይህን የጻፈው ነጭ አይደለም። የራስህ የልጅ ልጅ ነው። ዶክተር ነው። እንግዲህ ወይ እሱ ዋሽቷል፣ ወይ አንተ እየዋሸህ ነው። የትኛው ነው?»

 ሲጊዲ ምን ይበል? ልጄ ዋሸ ይበል? ቁጭ አለና ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋው። እስከ ስብሰባው መጨረሻ አላነሣውም።  

አሁን ንገረኝ። ያን የጻፍከው አንተ ነህ? የትኛው ዓሣ አጥማጅ ነው? ስሙ ማነው? አባትህ የጣሪያውን እንጨት ከእሳት እየመዘዘ ሲያወጣ ሁለቱም እጆቹ የተቃጠሉት ለዓሣ አጥማጅ ጎጆ ነው? «ሰውን አይመለከትም» ብለህ ትጽፍልኛለህ! እኛ እንደሆነ ከዚያ መጽሐፍ ተነቅለናል፤ ጉቶአችን ላይ መርዙን ያፈሰስከው አንተ ነህ።

ደግሞ ያ አረንጓዴ ደብተር የት ነው? በ1985 ተማሪ ሆነህ ስትመጣ እናቴ ምቶንጄኒ ድረስ በእግሯ መርታህ፣ የእያንዳንዱን ቤት ምድጃ ድንጋይ አሳይታህ፣ የባለቤቱን ስም ከነሚስቱ ስትነግርህ ስትጽፍ አይቻለሁ። እኔ ነበርኩ ውኃ የያዝኩላችሁ። እናቴ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት አልቆየችም።

መልስልኝ።

ኖምቴቶ

❖

ንዳያ፣ ጁን 19 ቀን 1999

ምዚዋንዲሌ፣

ሁለት ወር ሊሞላ ነው። መልስ የለም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ባልዲ ነጭ ቀለም ይዤ ምቶንጄኒ ሄድኩና፣ ቀይ ያደረግሁትን ሁሉ መልሼ ነጭ አደረግሁት። ሎሚውን፣ ኮኮቹን፣ ቃጫውን አንድ በአንድ፣ ባሕር ዛፎቹን እስከ ወገባቸው። በመመዝገቢያውም ላይ «አገር በቀል» ብዬ ጻፍኩ። ስቴገማን፣ «ይሄ ምንድነው?» ሲለኝ፣ «የተወለዱት እዚህ ነው። አንተስ የት ተወለድክ?» አልኩት። በዚያው ቀን ከሥራ ወጣሁ።

መቁረጡ ኦገስት 16 ይጀመራል። አባባ ሲጊዲ ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ከግቢ አይወጣም፤ ባሕሩ ጋም መሄድ ትቷል። «ደብዳቤ መጣ?» እያለ ይጠይቀኛል። «ፖስታ ቤቱ ነው ያዘገየው» እለዋለሁ። በአንተ ምክንያት ሽማግሌውን መዋሸት ጀምሬያለሁ።

ኖምቴቶ

❖

ኤድንብራ፣ ጁላይ 20 ቀን 1999

ለአክስቴ ለኖምቴቶ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዘግይቻለሁ። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ሳምንት መልስ ጀምሬ ቀደድኩት፤ ከዚያም በኋላ ሁለቴ።

በደብዳቤዎ ተናድጃለሁ፤ ይህን አልደብቅዎትም። ያኔ እንዴት እንደነበር ያውቃሉ? እኔ በክፍሉ ውስጥ ብቸኛው ጥቁር ተማሪ ነበርኩ። ወደ ፓርኩ ለመግባት በየሦስት ወሩ የሚታደስ ፈቃድ ያስፈልገኝ ነበር። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «የቀድሞ መኖሪያ» ብዬ ጽፌ ነበር። ፕሮፌሰሬ በእርሳስ ሰረዘውና ከላዩ ዓሣ አጥማጆች የሚለውን ጻፈበት። «ሥራህን መጨረስ ትፈልጋለህ ወይስ ፖለቲካ?» አለኝ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር? ሁላችሁም፣ «ተማር፣ ብቻ ተማር» እያላችሁ አልነበረም የሸኛችሁኝ? ተማርኩ። ዋጋው ያ ነበር።

አሁን ስሕተት ነበር ብዬ ብጽፍ የቆምኩበት ነገር ሁሉ ይናዳል፤ መሠረቱ ያ መጽሐፍ ነው። በእሱ ላይ የተመሠረቱ የሌሎች ሰዎች ሥራዎችም አሉ። ጊዜ ስጡኝ። በዲሴምበር እረፍት ወስጄ እመጣለሁ፤ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። እስከዚያ ድረስ አያቴን ያጽናኑልኝ።

ምዚዋንዲሌ

❖

ንዳያ፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1999

ምዚዋንዲሌ፣

በዲሴምበር እመጣለሁ ብለሃል። ኦገስት ዲሴምበርን አልጠበቀም።

ደብዳቤህ የደረሰኝ መቁረጡ ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ፕሮፌሰሩ በእርሳስ ሰረዘው ትላለህ። የእርሳስ ጽሑፍ በላጲስ ይጠፋል፤ አሥራ ሁለት ዓመት ላጲስ አጣህ? «እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር» ላልከኝ፣ እኔ ያደረግሁትን ነግሬሃለሁ። ባልዲና ብሩሽ ነው የነበረኝ።

በ16ኛው ቀን ጠዋት አሥራ አራት ሴቶች ምቶንጄኒ ሄድን። ባሕር ዛፎቹ ሥር ተቀመጥን። ስቴገማን ፖሊስ ጠራ። አንዱን ፖሊስ አውቀዋለሁ፤ የማምቶሎ ልጅ ነው። «እትዬ፣ እባክሽ ተነሺ፤ ክንድሽን አታስይዢኝ» አለኝ። «ልትይዘኝ አይደል የመጣኸው? ያዝ!» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ያዘኝ። ገመድ ዘርግተው ሁላችንንም ከገመዱ ውጭ አቆሙን።

ሎሚው ወዲያው ወደቀ። ኮኮቹም። ባሕር ዛፎቹ እስከ ቀትር ቆዩ። ሁለተኛው ሲወድቅ መሬቱ እግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ሴቶቹ እንደ ለቅሶ ቤት ጮኹ። ከዚያ ቃጫውን መንቀል ጀመሩ። ከአምስተኛው ሥር ጋር አንድ ድንጋይ አብሮ ተነቅሎ ወጣ። የወፍጮ ድንጋይ ነው፤ መሐሉ በመፍጨት የጎደጎደ። የእናቴ ነው። ቆራጮቹ የኛው ሰፈር ልጆች ስለሆኑ ድንጋዩን አይተው መጥረቢያቸውን ጣሉ። «ቀጥሉ!» አላቸው ስቴገማን። አንዱ፣ «ጌታዬ፣ ዓሣ አጥማጅ ወፍጮ ተሸክሞ አይዞርም» አለው። የቀሩትን ቃጫዎች በማግስቱ ከሌላ ቦታ ባመጣቸው ሰዎች አስነቀለ።

እኛ ግን በዚያው ከሰዓት ከትልቁ ባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ አንድ ክብ አስቆርጠን፣ ወፍጮውንም ጨምረን፣ በበሬ ጋሪ ጭነን ወጣን። ፖሊሱ አየና ፊቱን አዞረ። የክቡን መስመሮች አዳራሹ ውስጥ ሦስት ሰዎች ቆጠሩት። ሃምሳ ስምንት ነው፤ ለአንድ ዓመት አንድ መስመር።

ይህን ለአባባ ሲጊዲ ስነግረው ተኝቶ ነበር። «ሃምሳ ስምንት» አለ። «ልክ ነው። እኔ ነኝ ጉድጓዱን የቆፈርኩት።» ከዚያ፣ «ልጁስ ምን አለ?» አለኝ። በዲሴምበር ይመጣል አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ኦገስት 29 ሞተ። ምቶንጄኒ ዛፎቹን በተከለበት ግቢ እንቅበረው ብለን ፈቃድ ጠየቅን። በፓርክ ውስጥ መቃብር አይፈቀድም ተባልን። ንዳያ ቀበርነው።

በመንደሩ ፊት ዋሾ እንደተባለ ነው የሞተው። ይህን ያልኩህ እንድታለቅስ አይደለም። እንድታውቀው ነው።

ኮሚሽኑ ጉብኝቱን ወደ ፌብሩዋሪ አስተላልፎታል። ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅህም።

ኖምቴቶ

❖

ኤድንብራ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1999

አክስቴ፣

በምን ቃል ሰላም እንደምልዎ ጠፍቶኛል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አረንጓዴው ደብተር አለ። አሥራ አንዱም ቤቶች፣ ከነምድጃቸው፣ ከነባለቤቶቹ ስም፣ እናትዎ እንደነገሩኝ። ጠፍቶብኝ አያውቅም፤ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ከእሱ ጋር በሕግ ፊት የማልኩበት ቃል አለ፦ በገጽ 41 የጻፍኩት ሐሰት ነው፤ ሐሰት መሆኑንም ስጽፈው አውቅ ነበር። ይህንኑ ለኮሚሽኑም፣ መጽሐፉን ላሳተሙትም፣ እዚህ ላሉት አለቆቼም ልኬያለሁ። ስብስቡን ከእኔ ወስደው ለሌላ ሰው ሰጥተዋል። በዲሴምበር ልመጣ ያሰብኩትንም ትቼዋለሁ። በምን ፊቴ?

ሦስተኛው ወረቀት ለአያቴ ለሲጊዲ የጻፍኩት ነው። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። እለምንዎታለሁ፣ መቃብሩ ላይ ቆመው አንድ ጊዜ ያንብቡልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅም።

ዋንዲ

❖

ንዳያ፣ ማርች 12 ቀን 2000

ምዚዋንዲሌ፣

ጤና ይስጥህ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ በዝቶ መንገዱን ቆርጦት ስለነበር ነው የዘገየሁት። ይሄ ግን ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ ልጽፍልህ አልፈለግሁም።

ጉዳዩ ፌብሩዋሪ 22 ታየ። ክቡን፣ ወፍጮውንና ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ደረደርን። በፓርኩ በኩል የቆመው ጠበቃ ብልጥ ነው። «እኚህ ዶክተር በ1987 ሰው አልነበረም ይላሉ፤ በ1999 ነበረ ይላሉ። የትኛውን ዶክተር እንመን?» አለ። ሲጊዲ ስለሌለ የምናገረው እኔ ነበርኩ። «ዶክተሩን ተዉት፤ እኔም አላምነውም» አልኳቸው። «ደብተሩን እመኑ። በ1985 ያን የጻፈው ልጅ ገና ማንንም አልፈራም ነበር።» ከዚያ ደብተሩን ሳላይ የአሥራ አንዱን ቤት ስም ከላይ እስከ ታች ጠራሁላቸው፤ የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ደብተሩ ላይ በጣቷ እየተከተለች አየች። አንድም አልሳትኩም። ጠበቃው ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ።

መሬቱ የኛ መሆኑ ታውቋል። ፓርኩ ፓርክ ሆኖ ይቀጥላል፤ አስተዳደሩን ግን አሥራ አንዱ ቤተሰቦች ይካፈላሉ። ሙታናችንንም ከእንግዲህ ምቶንጄኒ እንቀብራለን። ስቴገማን ተዛውሮ ሄዷል። እኔ ወደ ቆጠራው ተመልሻለሁ፤ አሁን ገመዱን የምታስዘረጋው አለቃ እኔ ነኝ። የወፍ ቆሎን ያለ ምሕረት ነው የማስነቅላት።

ሰዉ ሁሉ፣ «ዋንዲ ባይልክ ኖሮ» እያለ ያመሰግንሃል። እኔ አላመሰግንህም። ያ ደብተር አሥራ አራት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ነበር። ሦስት ወር ቀድሞ ቢደርስ ኖሮ ሲጊዲ ባርኔጣውን አንሥቶ ነበር የሚሞተው። ቦታህን እንደወሰዱብህ ጽፈሃል። ይህን ሳነብ እንዳዝንልህ ጠብቀህ ከሆነ፣ ለጊዜው አልቻልኩም።

ለሲጊዲ የጻፍከውን ወረቀት አላነበብኩለትም። እኔም ለራሴ አላነበብኩትም፤ እንደታጠፈ አስቀምጬዋለሁ። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ያንተን ቃል ያነበበው ሌላ ሰው ነው። አሁንም ሌላ ሰው አያነብልህም። በምን ፊቴ ትላለህ፤ ባለህ ፊት ና! ቤተሰቡን ሁሉ እጠራለሁ፤ መቃብሩን ከበን እንቆማለን፤ ራስህ ታነባለህ።

ስትመጣ በዝግታ፣ ጮክ ብለህ አንብብ። በመጨረሻው ዓመት ጆሮው ከብዶት ነበር።

አክስትህ ኖምቴቶ